የእማማ መጂዳ ኬላ

እማማ መጂዳና እማማ ፋናዬ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ መሀላቸው አስፋልት ብቻ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ግን «አስፋልት ብቻ» ማለት «ባሕር ብቻ» እንደ ማለት ነው። በዚህ በኩል እማማ መጂዳ ሱቃቸው ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ በዚያ በኩል እማማ ፋናዬ በራቸው ላይ ሰሊጥ ያበጥራሉ። ካቻምና አንድ ባጃጅ የእማማ መጂዳን ግራ እግር ሰብሮ ካለፈ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ በምርኩዝ ደግሞ ያን መንገድ የጀመረ ሰው መሀል ላይ ምሳ ካልቋጠረ አይዘልቀውም። ስለዚህ ጉርብትናው በጩኸት ሆነ።

«ፋናዬ! ጉልበትሽ እንዴት አደረ?»

«ጉልበቴስ ደኅና ነው፤ ያቺ ምራቴ ግን...» ተሳቢ ያልፋል።

«ምን አደረገች?»

«እንዴ፣ ነገርኩሽ እኮ!» ሌላ ተሳቢ ያልፋል።

እኛ የሰፈሩ ሰዎች ከሁለቱም በኩል የሰማነውን ገጣጥመን እናውቀዋለን። የምራቲቱን ነገርማ ከእኛ በፊት ከድንበር ማዶ ያለው የሱዳኑ ጋላባት ሰምቶት ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ ሰሊጥ የጫነ መኪና እንደ ጉንዳን በሚሰለፍበት ሰሞን፣ ከማዶ ድምፅ ጠፋ። እማማ ፋናዬን ወባ ጥሏቸዋል።

እኔ ምንይችል በአህያ ውሃ አመላላሽ ነኝ። ጀሪካን ላራግፍ ስገባ እማማ መጂዳ ምርኩዛቸውን ታቅፈው ወደ ማዶ ያያሉ።

«ስልክ ደውዬ ላገናኝዎት» አልኳቸው።

«በስልክ የሚጠየቅ የተበላሸ ስልክ ነው። ሰው በእግር ነው የሚጠየቅ።»

«እሺ፣ ልሸከምዎት።»

«ሰሊጥ ነኝ?» ካሉ በኋላ ድምፃቸው ቀነሰ። «ሦስት ቀኗ ነው፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ከአስፋልት ማዶ ቆሜ ነው የማለቅሳት?»

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ካለ አህያዬ ብቻ ናት።

እጃቸውን ይዤ ሞከርን። ሦስት እርምጃ እንደሄድን አንድ ተሳቢ ምርኩዛቸውን ነጥቆ በረረ፤ ምርኩዙ በጎንደር መንገድ ኮኪት ከተማ ላይ ተገኘ። ቀጥዬ ኖራ በጥብጬ ጎህ ሲቀድ ዜብራ ቀባሁ። ከማለዳው ስድስት ፍየሎች ተኙበት። ሹፌሩ ሁሉ ፍየሎቹን በአክብሮት እየዞረ ያልፋል፤ ፍየሎቹ ተነሥተው እኛ ስንገባ ግን ጥሩምባውን ይለቅብናል። አንዱማ መስኮቱን አውርዶ «ዱቄት የፈሰሰባችሁ ናችሁ? አፍሱት እንጂ፣ እየተረገጠ ነው!» ብሎኝ ሄደ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ማሰብ አይገደኝም። እዚህ አገር ሹፌርን ምን ያቆመዋል? ሰው አያቆመውም፤ ቀለም አያቆመውም። ገመድ ግን ያቆመዋል! ከጎንደር እስከዚህ ያለውን ኬላ ሁሉ ሲያልፍ ኖሮ፣ የተወጠረ ገመድ ካየ እግሩ ሳያዘው ፍሬን ይረግጣል፤ እጁም ሳያዘው ወረቀት ያወጣል።

የአህያዬን መጫኛ ፈታሁ። አንዱን ጫፍ ከሱቁ ጎን መብራት እንጨት ላይ አሰርኩ፤ መሀል መሀሉ ላይ ቀይ ፌስታል አንጠለጠልኩ፤ ሌላውን ጫፍ ይዤ ማዶ ተሻግሬ ወጠርኩት።

ሲጢጢጥ! የመጀመሪያው ተሳቢ ቆመ። ከወዲያም አውቶቡስ ቆመ። ትራክተር ቆመ። እማማ መጂዳ በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በአንድ እጃቸው ገመዱን ይዘው መንገድ ጀመሩ።

የተሳቢው ሹፌር ግን፣ በር የሚያክል ሰው፣ ወረቀቱን ታቅፎ ወርዶ ፊታቸው ቆመ።

«እናቴ፣ ሊብሬው ይኸው፣ መንጃ ፈቃዱም ይኸው። ጭነቱ ሰሊጥ ብቻ ነው።»

እማማ መጂዳ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ያዙና አተኩረው አዩት። «ጥሩ ነው። እናት አለችህ?»

«አለችኝ፤ ደባርቅ ናት።»

«አስፋልት ትሻገራለች?»

ሰውየው ወረቀቱን ረስቶ ጭንቅላቱን አከከ። «ትሻገራለች እንጂ። ገበያው ማዶ ነው።»

«እንግዲያ ስትነዳ እሷን እያሰብክ። በል እለፍ። አይ፣ ቆይ! መጀመሪያ እኔ ልለፍ።»

ሰልፉ ኮኪት ደረሰ። አንዱማ በቆመበት የጫነው ሰሊጥ በቅሎ አበባ አውጥቷል፤ ንቡን ራሴ አባርሬለታለሁ።

እማማ መጂዳ አራት እርምጃ ሲቀራቸው ትራፊኩ ሳጅን ፈረደ በሞተር ሳይክል ሰልፉን እየሰነጠቀ መጣ። «ማነው! ማነው መንገድ የዘጋው!» እያለ ገመዱ ጋ ሲደርስ እግሩ ፍሬን ረገጠ፤ እጁ ደረት ኪሱ ገባ፤ መታወቂያውን አውጥቶ ለእማማ መጂዳ ዘረጋላቸው። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ፈረደ መታወቂያውን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ምንይችል! ይህን ኬላ ማን ፈቀደልህ?»

«እማማ ፋናዬ ታመው ነው፣ ሳጅን።»

«ገመዱን አምጣ!»

ሰጠሁት። ምን ቸገረኝ? እማማ መጂዳ ደርሰዋል።

ያን ቀን የሁለቱ ጨዋታ በመኪና ሳይቆረጥ ዋለ። ሰፈሩ ግን አንዲት ቃል ስላልሰማ በጣም ከፋው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ መመለሻውን። ገመዱ ፈረደ ቤት ነው። እማማ መጂዳ ሦስት ቀን እዚያው ከረሙ። እኔ ሱቅ ስጠብቅ እሳቸው ከማዶ «ምንይችል! ስኳሩን አትላስ!» ይሉኛል። በአራተኛው ቀን እማማ ፋናዬ ትኩሳታቸው በላብ ወጥቶላቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጅ ወጡ። ሰሊጣቸውን አይተው «ማነው በሌለሁበት ያበጠረው? ግማሹ እብቅ ነው!» ሲሉ መዳናቸውን አወቅን። ያን ጊዜ እማማ መጂዳ ወደ አደባባዩ ዞረው ጮኹ።

«ፈረደ! ገመዱን ይዘህ ና፣ ቤቴ ልግባ!»

ፈረደ ያልሰማ መስሎ ፊሽካውን ነፋ።

«እሺ! እንግዲህ ያሳደግኩት ጎረቤቴ ነህ፤ ሰው ሁሉ ይስማ! ፈረደ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ...»

ተሳቢ አለፈ። ፈረደ ተነፈሰ።

«ፈረደ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ...»

በዚህኛው ጊዜ መኪና አልነበረም። ፈረደ መጫኛዬን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ እየሮጠ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ ገመዱን የሚወጥረው እሱ ነው። እማማ መጂዳ ይሻገራሉ፤ ተማሪውም ፍየሉም ከኋላቸው ይከተላል። ሹፌሮች አሁንም ወረቀት ይዘረጉላቸዋል፤ እሳቸውም ዘቅዝቀው ያነቡላቸዋል።

እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ ምን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። አውቀዋለሁ። ገመዱ እስከተወጠረ ድረስ አልናገርም።