የሚያቃስተው ወፍጮ

ባሌ ወልደሩፋኤል አናጢ ነው። እንጨት ካየ ምሳውንም እኔንም ይረሳል፤ በዚህ ስንቴ እንደተጣላን እግዜር ያውቃል። ከአንኮበር ቁልቁል ባለው ወንዝ ላይ የውሃ ወፍጮ ልሥራ ብሎ ሲነሳ ግን ተው አላልኩትም። ታናሽ እህቴ ደመቀች በባላምባራስ ወልደጻድቅ ግቢ እህል ፈጪ ነበረች። ባለፈው ክረምት ነፍሰ ጡር ሆና መጅ ላይ እንደተደፋች አስወረዳት። አሁን ደግሞ ሌላ ይዛለች። ባላምባራስ ወፍጮው ከሠራ ፈጪዎቹን ከመጅ አነሳለሁ ብለው ቃል ሰጡ፤ እስኪሞከርም ደመቀች እዚያው ወንዙ ዳር ገብስ እንድታበጥር ላኳት። ካልሠራ ግን ከነሆዷ ወደ መጇ ተመላሽ ናት።

ወፍጮው መጀመሪያ ላይ ደህና ፈጨ። ውሃው ታች ያለውን መዘውር ያዞራል፤ ከመዘውሩ መሃል የቆመው የወይራ ዘንግ ደግሞ ላይ ያለውን ድንጋይ ያዞራል። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ እንቢ አለ። ጥቂት ገብስ ሲሰጡት ይፈጫል። ቁና ሙሉ ሲገለበጥበት ግን ታች መዘውሩ እየጋለበ ላይ ድንጋዩ ቀጥ ይላል። ወልደሩፋኤል ውሃው አንሶ ነው ብሎ ቦዩን አሰፋ። ድንጋዩ ዶልዱሞ ነው ብሎ አውርዶ ወቀረው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

መምሬ ገብረ ሕይወት መጡና መስቀላቸውን ይዘው ዙሪያውን አዩት። "ውሃው እየሄደ ድንጋዩ የሚቆመው የያዘው ቢኖር ነው" አሉ። ማን እንደያዘው አልተናገሩም፤ ሁሉም ገባው። ነገሩ ባላምባራስ ጆሮ ደረሰ። የማርያም ድግስ ቀርቧል፣ ዱቄት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ካልፈጨ እንጨቱ ተነቅሎ ማገዶ ይሁን፣ ፈጪዎቹም ወደ ሥራቸው ይመለሱ ብለው አዘዙ።

ደሜ ፈላ። ባሌ አሁንም ድንጋዩን ሲደባብስ ደረስኩበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ላይ ላዩን ከምትደክም ታች ወርደህ አታየውም?"

"ታቹ ደህና ነው። ይዞራል።"

"መዞሩንማ እኔም አያለሁ። ዘንጉ አብሮት ይዞራል ወይ?"

ድንጋዩን መደባበሱን ተወ። ከሰል አንስቶ ወረደና ከመዘውሩ ጀምሮ ዘንጉ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር አሰመረ። ውሃውን ለቀቅን፣ ገብሱን ገለበጥን፣ ድንጋዩ ቆመ፣ ውሃውን ዘጋን። ወርደን ስናይ የዘንጉ መስመር ወደ እኛ ዞሮ፣ የመዘውሩ መስመር ወዲያ ማዶ ነበር። መዘውሩ ብቻውን እየተንሸራተተ ነው።

መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው በመሃላቸው የተመታ ሽብልቅ ነው። ሽብልቁ ደርቆ ይገባል፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና አንቆ ይይዛል። ወልደሩፋኤል ሽብልቁን ያዝ ቢያደርገው እንደ ሰንደዶ ተመዞ ወጣ። አሸተተውና ለእኔ ሰጠኝ። ቅቤ ነው። ቅቤ የጠገበ እንጨት ደግሞ ውሃ አይጠጣም።

ምቀኛ ነው አልኩ። ያልጠራሁት ስም የለም፤ የመምሬንም ሳልጨምር አልቀረሁም። ደመቀች ሰፌዷን አስቀመጠች።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

ሽብልቁን እንደያዝኩ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ገብሱ ሲበዛበት ያቃስታል" አለች። "ወፍጮ ቤት እኛ እንደምናቃስተው። አሳዘነኝ። ውሃው በተዘጋ ቁጥር እየወረድኩ ትከሻውን፣ ዘንጉ መዘውሩ ውስጥ የሚገባበትን፣ ቀባሁት።"

"በየትኛው ቅቤ?"

"ፀጉርሽን ተቀቢበት ብለሽ በሰጠሽኝ።"

እኛ ዘንድ ቀንበር የላጠው የበሬ ጫንቃ ቅቤ ነው የሚቀባው፤ የአራስ ራስም፣ የደረቀ ጠፍርም እንዲሁ። እሷም ለደከመው ወፍጮ ያላትን ሰጠችው። ፀጉሯ ደርቆ ገለባ መስሎ ነበር፤ እኔ ዕውር ሆኜ አላየሁትም። አንጀቴን በላችው።

ወልደሩፋኤል አልተቆጣም። "ደመቀች" አላት፣ "ማቃሰቱ ሽብልቁ ስለያዘ ነው። ዝም ካለ ነው ያልያዘው።" ዘንጉን በፈላ ውሃና በአመድ ፈትጎ አጠበ፣ ከደረቅ ወይራ አዲስ ሽብልቅ ጠርቦ መታ፣ ውሃ እንዲጠጣም ተወው።

ቅዳሜ ባላምባራስና መምሬ መጡ። ቁናው ተገለበጠ። ወፍጮው አቃሰተ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ይወርድ ጀመር። መምሬ ጠበል ረጩበትና "ለቀቀ" አሉ። ይበሉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ባላምባራስ ዱቄቱን በጣታቸው አሽተው ፈጪዎቹ ይነሱ አሉ።

ደመቀች አጠገቤ ቆማለች።

"በቃ፣ ተቀመጪ" አልኳት።

"ዱቄት እየወጣ?"

ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። ዓይኗ ዱቄቱ ላይ ነው። ጉልበቷ ላይ ያሉት እጆቿ ግን ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላሉ፤ እሷ አላወቀችም። እጆቿን በሁለት እጄ ያዝኳቸው፤ እስኪተዉ ድረስ ብዙ ቆዩ።