ማሞቂያውን ያለበስኩት ልብስ

የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ቁራጭ መስታወት ከማሟሚያው ፈሳሽ ስታወጣው ባዶ ነበር። ብርቱካናማው ስስ ሽፋን ታጥቦ ሄዷል።

"አንድ ቀረኝ" አለች፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ እያየች።

ሽፋኑ የተሠራበትን፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ፕላስቲክ ለመሥራት ስምንት ወር ፈጅቶባታል፤ የቀረው ለአንድ መስታወት ብቻ ይበቃል። መምህሯ ከምሳ በኋላ መጥቶ ያያል። ሽፋኑ እጥበቱን ካልቻለ ጥናቷ ይዘጋል፤ እሷም የሌላ ሰው ረዳት ትሆናለች።

እኔ የቤተ ሙከራው ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ኬሚስትሪ አልተማርኩም፤ የማውቃት ጥቂት ነገር ሰው ሲናገር ዝም ብዬ በመስማት የለቀምኳት ናት።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

"አጎቴ፣ ሃያ ጊዜ ነግሬሃለሁ።"

"ሃያ አንድ ይሁንልኝ።"

ተነፈሰችና ቁጭ አለች። ፕላስቲኩ ብቻውን አይሟሟም፤ ስለዚህ በጎንና በጎኑ ጭራ መሳይ ነገር ትቀጥልለታለች። በጭራዎቹ እርዳታ ይሟሟል፣ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ከፀጉር መቶ እጥፍ የቀጠኑ መስመሮች ባሉት ማኅተም ይታተማል። ከዚያ ጠፍጣፋው ማሞቂያ ላይ በሁለት መቶ ዲግሪ ሲሞቅ ጭራዎቹ ተቆርጠው ይተናሉ። ጭራ የሌለው ፕላስቲክ ማሟሚያ ቢፈስበትም መስመሩን አይለቅም።

"የሠርግ አጃቢ በያቸው" አልኩ። "ሙሽራዋን አድርሰው መሄድ አለባቸው።"

"የኔዎቹ በልተው ጠጥተው እዚያው ተኝተዋል።"

ሚዛኑ ዘንድ የተቀመጠችው ባልደረባችን ሳቀች። ቁጥር ስታነብ አንዲት ነጥብ ስለማትዘል ወይዘሮ ነጥብ እንላታለን። "ክብደቱም ይመሰክራል። ከመሞቁ በፊትም በኋላም ያው ነው። አንድም አጃቢ ከቤት አልወጣም።"

"ሲሄዱ ይሸታሉ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ትንሽ፣ እንደጠፋ ሻማ። ባለፈው ወር ስሞክረው ሸትቶኝ ነበር። ያኔ ሠርቶ ነበር እኮ።"

ዞሬ ማሞቂያውን አየሁት።

ከዚያ ሙከራ ማግስት ማሞቂያው ላይ የሆነ ነገር ፈሶ ነጭ ፊቱን አቆሽሾት ነበር። እኔ ደግሞ ዕቃ እንዳይቆሽሽብኝ የምሳሳ ነኝ፤ የገዛሁት ሶፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ተሸፍኖ የመጣበት ላስቲክ ግን እስካሁን አልተገፈፈም። ማሞቂያውን ፍቄ አጸዳሁትና፣ ዳግም እንዳይቆሽሽ ነጭ የሸክላ ንጣፍ በልኩ ቆርጬ ከላዩ ገጠምኩበት። ነጭ በነጭ ሆነና ማንም አላስተዋለም። እኔም በሙያዬ ኮርቼ ዝም አልኩ።

በልቤ፣ አምላኬ አፌን ፍታልኝ አልኩ።

"ልጄ፣ አጃቢዎቹ ጥፋት የለባቸውም። በሩን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።"

ንጣፉን በጉጠት ነቅዬ አሳየኋት። እሱን አየች፣ ማሞቂያውን አየች፣ እኔን አየች።

"ይሄ የማሞቂያው ፊት አይደለም?"

"ልብሱ ነው።"

"ማሞቂያ አለበስክ?"

"ብርድ እንዳይመታው ነዋ" አለች ወይዘሮ ነጥብ።

ንጣፉን መልሰን በቴርሞሜትር ለካነው። ማሞቂያው ሁለት መቶ ይላል፤ የንጣፉ ፊት ግን፣ ወይዘሮ ነጥብ እንዳነበበችው፣ አንድ መቶ አርባ ሦስት ነጥብ ስድስት።

የእህቴ ልጅ አልተቆጣችኝም። የመጨረሻውን መስታወት ቀባች፣ አተመች፣ አስመዘነች፣ ባዶው ማሞቂያ ላይ አኖረች። ሦስታችንም እንደ ድመት አፍንጫችንን ቀስረን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ የጠፋ ሻማ ሽታ ሽው አለ።

መስታወቱ ሲበርድ ወይዘሮ ነጥብ መዘነችው። ቁጥሩን ሳታነብ ቀና አለች።

"ሄደዋል" አለች።

መምህሩ ሲገባ ሽፋኑ ማሟሚያው ውስጥ ነበር። ማሟሚያው እንደ ውኃ ጠርቷል፤ ምንም ብርቱካናማ አልለቀቀበትም። የእህቴ ልጅ መስታወቱን አውጥታ ወደ መስኮቱ ስታዘነብለው፣ እነዚያ በዓይን የማይታዩ መስመሮች ብርሃኑን ከፋፍለው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ አደረጉት። መምህሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ ጊዜ አየው።

"ቀጥዪ" አላት።

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ። ንጣፉን በእጄ አስያዘችኝና፣ "አጎቴ፣ ዛሬ ቤት ስትገባ የሶፋውን ላስቲክ ግፈፈው" አለችኝ።

ገፈፍኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግራጫ ነው ብዬ የተቀመጥኩበት ሶፋ ሰማያዊ ኖሯል። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩበት።