ያልዋጡት ካልሲየም

ሳጂዳ የአይጡን ልብ በረዶ ላይ በተቀመጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ እያደቀቀች ሳለ የጋውኗ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። አላነሳችውም። እጇ ጓንት ውስጥ ነው፤ ሥራውም በመሀል የሚቋረጥ አይደለም። ከልቡ ሥጋ ተለይተው የሚወጡት ማይቶኮንድሪያዎች፣ እነዚያ በዓይን የማይታዩ የልብ ጉልበት ማምረቻዎች፣ አንዴ ከሥጋው ከወጡ ዕድሜያቸው አጭር ነው። ቶሎ ካልተለኩ ይበላሻሉ፤ ሌላ አይጥ መግደል ሊያስፈልግ ነው። ስልኩ ዝም አለና እንደገና ነዘረ። አባቷ መሆናቸውን ሳታየው አወቀች።

አባቷ አቶ አብዱልሐሚድ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከሚኖሩበት ብሎክ ሥር፣ ሸቀጣሸቀጥ ይነግዳሉ። ገና በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ሚስታቸው ካረፈች በኋላ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ታናሿ ሊና ለአራስነት ወደ አባቷ ቤት መጥታ በዚያው ቀረች። የመጀመሪያ ልጇን ሰዓዲያን በሰላም ተገላገለች ተብሎ ገና ደስታው ሳይበርድ እግሯ ማበጥ፣ ትንፋሿም መቆራረጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ ወሊድን ተከትሎ የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድካም ነው አሉ። ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ሊናን ግን አልተሻላትም። መድኃኒቷን እየዋጠች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ወራቱን ቆጠረች።

ሳጂዳ ቦሌ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ከእህቷ ሕመም በፊት የተጀመረ ነው። የታመመ ልብ ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ሲበዛ ማይቶኮንድሪያዎቹ እየዋጡ፣ እየዋጡ፣ መያዝ ሲያቅታቸው ያብጡና ይፈነዳሉ። እሷና አለቃዋ ዶክተር ፍስሃ ይህን የሚያዘገይ ነገር ከአንድ የዱር ተክል ቅጠል ውስጥ ይፈልጉ ነበር። ያገኙትም መስሏቸው ነበር። የቅጠሉ ጭማቂ የተጨመረበት ብልቃጥ ውስጥ ካልሲየም ደጋግማ ብታክልም ማይቶኮንድሪያዎቹ አላበጡም። የዒድ ዕለት፣ ቤተሰቡ ትሪውን ከቦ ተቀምጦ ሳለ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነገረቻቸው። ገና ነው፣ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ነገር ነው ማለቷን ታስታውሳለች። አባቷ ግን የሰሙት ልብን ያድናል የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ለሚመጣው ሁሉ "የሳጂዳ መድኃኒት" እያሉ ያወሩ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ፍስሃ አንድ ጥያቄ ጠየቋት። ጭማቂውን ያለ ማይቶኮንድሪያ፣ ካልሲየም ሲያገኝ ከሚደምቀው ቀለም ጋር ብቻ አድርገሽ አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ አሉ። አላየችውም ነበር። ዛሬ አየችው። ከዚያም ማይቶኮንድሪያዎቹን ጨምራ ልኬቱን ጨረሰችና ወደ ቢሮአቸው ሄደች።

"ዶክተር፣ ይኼን ይዩልኝ።"

ዶክተር ፍስሃ መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑ ላይ ያለውን መስመር ተመለከቱ። "ማይቶኮንድሪያ የለበትም?"

"የለበትም። ቀለሙና ጭማቂው ብቻ ነው። ካልሲየም ስጨምር ግን አልደመቀም።"

"እንግዲያው ካልሲየሙን የሚይዘው ጭማቂው ራሱ ነው።"

"አዎ። ማይቶኮንድሪያዎቹ ጋ አልደረሰም። ያላበጡት ስላልዋጡት ነው።"

"ካልሲየሙን ብታበዢውስ?"

አብዝታውም ነበር። ጭማቂው ሊይዝ ከሚችለው በላይ ስትጨምርበት ማይቶኮንድሪያዎቹ ምንም እንዳልተደረገላቸው ሁሉ አበጡ፤ ደፍርሶ የነበረውም ፈሳሽ ጠራ። በዚህ ሥራ ፈሳሹ መጥራቱ ክፉ ምልክት ነው።

ዶክተር ፍስሃ ይኼም ውጤት ነው፣ ይጻፋል ብለው ጀመሩና የእህቷ ነገር ትዝ ሲላቸው አቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ቤቷ እንድትሄድ ነገሯት።

አባቷ ጋ የደወለችው መንገድ ላይ ሆና ነው። ሊና ሌሊቱን ቁጭ ብላ እንዳደረች፣ ጋደም ማለት እንኳ እንዳቃታት ነገሯት። "ያን ነገር ይዘሽልኝ ነይ" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መገናኛ ላይ የአባዶ ሚኒባስ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ታስብ ጀመር። አባዶ ስትደርስም የምትነግርበትን ቃል አላገኘችም።

ሱቁ ስትገባ አቶ አብዱልሐሚድ ደንበኛ ሸኝተው ገና ሳትቀመጥ ቦርሳዋን አዩ። "አመጣሽልኝ?"

"አላመጣሁም፣ አባባ። መድኃኒት አይደለም። ተሳስተን ነበር።"

አቶ አብዱልሐሚድ በደንብ እንዳልሰማ ሰው ፈገግ አሉ። እሷም በምትችለው ሁሉ አስረዳቻቸው። ቅጠሉ ልቡን እንዳልጠበቀው፣ ካልሲየሙን ገና መንገድ ላይ ይዞ እንዳስቀረው ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ታገሱ።

"ካላዳናት ግዴለም" አሉ። "አይጎዳትማ። ትንሽ ትቅመስና አላህ ያውቃል።"

"ይጎዳታል። ደሟ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ቢይዝ ጭራሽ ልቧን ሊያቆመው ይችላል።"

አባቷ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። መስጊድ የሚሄዱ ጎረቤቶች ሰላም ሲሏቸው አልመለሱም። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ "ሐኪሙ ሆስፒታል ትተኛ ብሎ ነበር" አሉ።

"መቼ?"

"ባለፈው ስንሄድ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። እናታችሁ እዚያ ገብታ አልወጣችም። የሳጂዳ መድኃኒት እስኪደርስ እቤት ትቆይ አልኩ።"

ሳጂዳ የዒድ ዕለት ትሪው ዙሪያ የተናገረችው ቃል እህቷን እዚያ ፎቅ ላይ አስሮ አስቀምጧት ነበር። አባቷን ልትቆጣ አልቻለችም። ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች።

ሊና ትራስ ተደርድሮላት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አንገቷ ላይ ደም ሥሯ ሲዘል ይታያል። ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታለች። ጎረቤታቸው ደሪቱ የልጅ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ደሪቱ ይህ ብሎክ የቆመበት መሬት የአባቷ የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚሁ የኖረች ሴት ናት፤ ሊና ከታመመች ወዲህ ከዚህ ቤት አልጠፋችም። ሳጂዳን ስታይ ልብሱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

"አልሆነም አይደል?" አለች ሊና።

"አልሆነም።"

"እኔ እኮ ተስፋ አድርጌበት አይደለም፣ ሳጂ። ለአባባ ብዬ ነው። እሱ የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ይበላል፣ ይተኛል።" ትንፋሽ ለመሰብሰብ አረፈች።

"ሐኪሙ ተኚ ማለቱን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሥራሽን ጥለሽ ትመጪያለሽ ብዬ።"

ሳጂዳ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእህቷን እግር ዳሰሰች። ቆዳው ተወጥሯል፤ ጣቷን ስታነሳ የተጫነችበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ለዓመታት እብጠት ስትለካ ኖራ የገዛ እህቷን እግር በእጇ ሳትነካ መቆየቷ አሳፈራት።

"ዛሬ እንሂድ" አለች።

"ከሄድኩ እመለሳለሁ?"

ትመለሻለሽ ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ከአፏ በወጣ ተስፋ የሆነውን ገና አሁን ሱቅ ውስጥ ሰምታ መጥታለች። "አላውቅም" አለች። "እዚህ ብትቆዪ ግን እየባሰብሽ ነው የሚሄደው። እዚያ ኦክስጅን አለ፤ ውሃውን የሚያወጣልሽ መርፌ አለ።"

ሊና ልጇን ስታይ ቆየች። ከዚያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

የሚኒባስ ሾፌር የሆነው የሊና ባል ኑሪ ሥራ ላይ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ነበር፤ ሲደወልለት ተሳፋሪውን አውርዶ ሚኒባሱን ባዶውን ይዞ መጣ። ሊናን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እሱ ከፊት፣ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ሆነው በየደረጃው እያረፉ አወረዷት። ከቤት ስትወጣ ሰዓዲያን ጎንበስ ብላ ለመሳም ሞክራ ትንፋሿ አልበቃትም። ደሪቱ ሕፃኗን ልታነሳላት እጇን ስትዘረጋ ሊና ከለከለቻት።

"ተይ፣ አትቀስቅሻት። ስመለስ አገኛታለሁ።"

ሁሉም ኢንሻአላህ አሉ። ሳጂዳም አብራ አለች።

ታች፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ በትራስ ደግፈው አስቀመጧት። አቶ አብዱልሐሚድ ሱቃቸውን እንኳ ሳይዘጉ ከፊት ገቡ። ኑሪ ሞተሩን አስነሳ። ሊና በመስኮቱ ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛው ፎቅ በረንዳ ታያለች። ሳጂዳ አንድ እግሯን ሚኒባሱ ውስጥ አስገብታ፣ እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቆመች። ሆስፒታሉ ትንንሽ ሕፃናትን ወደ ውስጥ እንደማያስገባ ታውቃለች፤ ሊና ልጇን ሳትስም ልትሄድ ነው።

"ግቢ እንጂ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ" አለ ኑሪ። "ምን ረስተሽ ነው?"

"ጠብቁኝ" አለች፣ እግሯን እየመለሰች።

ደረጃውን ሳታርፍ ወጣችው። ደሪቱ በሩን ስትከፍትላት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ፍራሹ አመለከተቻት፤ ልጅቷ ገና እንቅልፍ ላይ ናት። ሳጂዳ ጫማዋን ሳታወልቅ አልፋ ተንበረከከች። ብርድ ልብሱን ገለጠችና ሕፃኗን ከሞቀ እንቅልፏ አነሳቻት። ሰዓዲያ ዓይኗን ገልጣ ለማልቀስ አፏን ስታሟሽ፣ ሳጂዳ ደረቷ ላይ ለጥፋ አቅፋት ወደ ታች መውረድ ጀምራ ነበር።