ገዢ ያልመጣበት ቤት

ሱሚኤ ደላላውን መጠርጠር የጀመረችው ገና ባየችው ቀን ነው። እውነቴን ልናገርና እኔም አላመንኩትም ነበር። ኡራቤ ይባላል፤ ኑማዙ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችው። ሰላም ሲል ወገቡ እስኪቀነጠስ ጎንበስ ይላል፤ ዓይኑ ግን ሰው ላይ አያርፍም።

የመረጠው ታላቅ ወንድሟ ኮሄይ ነው። እናታቸው መከር ላይ ሲሞቱ ኑማዙ ኮረብታ ላይ ያለው ቤት ለሁለቱ ደረሳቸው። ኮሄይ ቶኪዮ ከሚስቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ማተሚያ ቤት ይሠራል። «ከደላላው ጋር በስልክ የምነጋገረው እኔ ልሁን፤ አንቺ ቅርብ ነሽ፣ ቤቱን አዘጋጂ» አላት። እሷ ያለችው ሚሺማ ነው፤ በባቡር አንድ ፌርማታ።

ስለዚህ ሥራው እሷና እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ቶሞኤ ነኝ፤ የልጅነት ጓደኛዋ፣ ጣቢያው አጠገብ ፀጉር ሠሪ። የብርዱን ወራት ሙሉ ዕቃ ስንጥል ከረምን። ሟች እናቷ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት እንኳ አጣጥፈው ያስቀምጡ ነበር። የዓሣ ማድረቂያ መረቦች፣ ክዳናቸው የጠፋ ድስቶች፣ የባለቤታቸው የዝናብ ካፖርቶች። ኡራቤ በየሳምንቱ ብቅ እያለ ያዛል፤ የሳር ምንጣፉ ይቀየር፣ አጥሩ ይከርከም፣ ዕጣን የሚታጠንበት የሙታን መታሰቢያ ሣጥን ይነሣ። ለእሱ የቡድሃ መነኩሴ አስመጥተን አስጸለይን። መነኩሴው ሲጨርሱ ሱሚኤ ግድግዳው ላይ የቀረውን የዕጣን ጥላሸት በጨርቅ ታሽ ጀመር። አልለቅ ሲላት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ገዢ የሚፈልገው ባዶ ክፍል ነው፣ ወይዘሮ ሱሚኤ» አለ ኡራቤ ከበሩ ላይ። «ከእንግዲህ እርስዎ እዚህ ድረስ አይልፉ። መስኮት እየከፈትኩ አየር የማስገባው እኔ ነኝ። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ።»

ሰጠችው። ሌላ ቁልፍ እንዳላት ግን አልነገረችውም።

የፕለም አበባ ፈካ፣ ረገፈ። የቼሪውም እንደዚሁ። የሰኔ ዝናብ እስኪጀምር ድረስ አንድም ሰው ቤቱን ሊያይ አልመጣም። ስትደውልለት ኡራቤ «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላታል። ከእናቷ ቤት በታች ያለው፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ቤት ግን በዚያው ሰሞን ተሸጠ።

አንድ ቀን ፀጉሯን እያጠብኩላት ሳለ ድንገት ቀና አለች። «ቶሞኤ፣ ገዢ ሁኚልኝ።»

«በምን ገንዘቤ?»

«በአፍሽ። ሌላ ደላላ ጋ ሂጂና ያንን ቤት ማየት እፈልጋለሁ በያቸው።»

ለሠርግ የምለብሰውን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ደላላ እፊቴ ለኡራቤ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ፣ «አዝናለሁ፣ ያ ቤት ከሌላ ገዢ ጋር ድርድር ላይ ነው ብለዋል» አለችኝ።

ለሱሚኤ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ ባለቤቷ ያልሰማሁት ድርድር! አሁን ገባኝ። ገዢ እያባረረ ተስፋ ሊያስቆርጠኝ ነው። ከዚያ ለራሱ ሰው በርካሽ ይሸጥና ከሻጭም ከገዢም ኮሚሽን ይውጣል። የቀበሮ ባሕታዊ!»

«ለወንድምሽ ንገሪው።»

«ጋሼ የዋህ ነው፤ ሄዶ ለዚያው ሌባ ይነግረዋል። መጀመሪያ በዓይኔ ልይ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ በዝናብ ኮረብታውን ወጣን። በደበቀችው ቁልፍ ከፈተች። ደጃፉ ላይ የወንድ ነጠላ ጫማ አለ። ማዕድ ቤት ገባን፤ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። በእጄ ዳሰስ ባደርገው ለብ ይላል። እናቷ ይተኙበት የነበረው ክፍል ውስጥ ሁለት ሸሚዞች ተሰቅለዋል፤ አዲሱ ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አከራይቶታል» አለች በሹክሹክታ። «የእናቴን ቤት አከራይቶ ኪራዩን ይበላል።»

«ውጪ ሆነን እንደውል፣ ሱሚኤ። ሰውየው ማን እንደሆነ አናውቅም።»

«ከገዛ ቤቴ አልወጣም።» እዚያው ቆማ ደወለች።

ኡራቤ ብዙም አልቆየም። ጃንጥላ እንኳ ሳይዝ ነው የመጣው። ድስቱን ሲያይ እጅ መንሣቱንም ረሳው።

«ማን ነው እዚህ የሚኖረው?» አለችው።

«ወይዘሮ ሱሚኤ፣ እባክዎ ቢሮ ሄደን...»

«ማን ነው አልኩህ!» እስከዚያ ድረስ አንቱታዋን አልለቀቀችም ነበር፤ አሁን ግን ለቀቀች። «ለሰው ድርድር ላይ ነው ትላለህ፣ ለእኔ ገበያ የለም ትላለህ። ፈቃድህን ነው የማስነጥቅህ!»

«ያስነጥቁኝ» አለ ወለሉን እያየ። «እኔ ግን መናገር አልችልም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ይሄኔ የውጪው በር ተከፈተ። አንድ ሰው የጎማ ቦቲውን ሲያወልቅ፣ ሲያስልም ሰማን። ከዚያ ባሮ ሽንኩርትና የአኩሪ አተር አይብ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ ኮሄይ ገባ።

ኮሄይ ሽበቱ ገፍቷል፤ እጁ በብርድ ተሰነጣጥቋል።

«ሱሚዬ» አለ።

«ጋሼ? አንተ ቶኪዮ አይደለህም እንዴ?»

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠና እንደቆመ ተናገረ። ማተሚያ ቤቱ ገና በብርዱ ወራት ተዘግቷል። ሚስቱም የምትጠብቀው ምክንያት ያ ይመስል፣ እንለያይ አለችው። መሄጃ አጣ። ኡራቤ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ሥራ እስካገኝ ቤቱን አትሽጥብኝ ብሎ ለመነው። አሁን ዓሣ ገበያው ውስጥ በረዶ ይጎትታል።

«ልነግርሽ ነበር» አለ። «ግን እናታችንን ቀብረሽ ሳታርፊ፣ ወንድምሽ ቤት አልባ ሆነ ልበልሽ? አፈርኩ።»

«እኔ ምንጣፍ ሳስቀይር፣ የእናታችንን ልብስ ስጥል፣ አንተ ልትተኛበት ትጠብቅ ነበር!» ድምጿ ተሰበረ። «ብትነግረኝ እኮ የእኔ ቤት ነበረልህ። ባሌም አይጠላህም።»

ኡራቤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓደኛዬ ሆኖብኝ ነው፣ ወይዘሮ ሱሚኤ። ከዚህ ነገር አንዲት የን አላገኘሁም።»

«የእሱ ጓደኛ ነበርክ። የእኔስ ደላላ አልነበርክም?»

ኡራቤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ በዝናብ ወጣ። በዚያው ሳምንት ሱሚኤ የድለላ ውሉን አፈረሰች። ለጥቅም ሳይሆን ለጓደኛው ራርቶ እንደዋሸ አስረዳኋት፤ «ውሸታሙን ደግ ከሌባው በምን ልለየው?» አለችኝ። እኔ ትንሽ አዘንኩለት። እሷ ግን አላዘነችም፤ ወይም አላሳየችኝም።

ቤቱን ያቺው በሠርግ ቀሚሴ ሄጄ ያነጋገርኳት ወጣት ደላላ ያዘችው። መከር ሳይገባ ልጅ የጸነሰች መምህርትና ባሏ ገዙት። ኮሄይ ከወደቡ አጠገብ ክፍል ተከራየ። የሽያጭ ውሉን ሲፈራረሙ፣ ኮሄይ በፊርማ ፋንታ የስም ማኅተሙን ሲመታ ሱሚኤ ወረቀቱን ያዘችለት።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ልቧ አላረፈም። «ጋሼ ሥራው ደህና ነው ይለኛል» አለችኝ አንድ ቀን። «ማተሚያ ቤቱም ደህና ነው ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

በሌላው ቀን ገና ሳልከፍት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ጫማዋ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በመጀመሪያው ባቡር መጥታ ወደብ ሄዳለች። ከሳጥን ክምር ጀርባ ቆማ ወንድሟን ስታየው ነበር፤ በረዶ ይጎትታል፣ አንድ ሽማግሌ ይሰድበዋል፣ እሱም መልሶ እየሰደበው ይስቃል።

«አላናገርሽውም?»

«አላየኝም» አለች። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መነጽሯን አወለቀች። «ጫፍ ጫፉን ቁረጪልኝ፤ እሑድ እራት ጠርቶኛል።»