የውሻይቱ ድርሻ

ሜቶዲ ያን ነገር የተናገረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ በጥር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ። ራንጌል ቦታውንም አይረሳም። የአዳኞቹ ቤት፣ ከምድጃው በስተግራ ያለው ረጅም ጠረጴዛ። ሜቶዲ በአንድ እጁ የአረቄ ብርጭቆ፣ በሌላው የጮማ ቁራጭ ይዞ፣ "ውሻይቱ እኮ ዝም ብላ አልሞተችም፤ ራሷን ሰቅላ ነው። ከራንጌል ጋር መኖር መሯት" አለ። መጀመሪያ የሳቀው ከጎኑ የነበረው ጫኚ ነበር። ቀጥሎ ሽማግሌው ዛፕሪያን፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁበትን አፉን ከፍቶ። ከዚያ ሁሉም። አሥር ሰው። ራንጌል ቆጥሯቸዋል። ራሱም ያን ዕለት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ይህን ግን ከቆጠራው ውስጥ አያስገባውም።

ዛሬም ያንኑ እያሰበ ነው በሜቶዲ ፒካፕ ጀርባ ላይ ተንበርክኮ የሣጥኑን ቀበቶ የሚያጠብቀው። ገና አልነጋም። የመንደሩ አደባባይ ላይ በረዶው ከቦት ጫማ በላይ ደርሷል፤ ብረቱ ጣት ይልጣል። ሙራ ከታች ቆማ፣ ጅራቷን እየወዘወዘች ታየዋለች። ጥቁር ናት፤ ቅንድቦቿ ላይ ብቻ ቡናማ ነጥብ አለባት። የዚያችኛዋ፣ የሞተችው የሊሳ ልጅ ናት።

ሣጥኑን ሁለት ሳምንት ሠርቶበታል። ከሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ትርፍራፊ ጣውላ ለቅሞ፣ ግድግዳውን ድርብ አድርጎ፣ በመካከሉ ፎም ጠቅጥቆበት። ጣራውን ዝቅ አደረገው፤ ውሻ ጠባብ ቤትን በገዛ ትንፋሿ ታሞቃለች፣ ሰፊውን ግን አትችለውም። በሩ ወደ ኋላ ነው፣ ነፋስ እንዳይገባ፤ በላዩም የሸራ መጋረጃ አለው። ከውስጥ ብርድ ልብስ የለም። ብርድ ልብስ እርጥበት ይይዝና ይጠጥራል፣ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ጭድ ነው ያለው፣ እስከ ጉልበት። ሣጥኑ ራሱ በሁለት ቀበቶ ከመኪናው ብረት ቀለበቶች ጋር ታስሯል፤ መኪናው ቢገለበጥ እንኳ ሣጥኑ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሚስቱ ዳፊና ትናንት ማታ ሣጥኑን አይታ፣ "ለእኔ የማድ ቤቱን በር መቼ ነው እንዲህ የምትጠግንልኝ?" ነበር ያለችው። ከዚያ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለምን አትቀርም ግን? ሰውዬው አይወድህም" አለችው።

"ወዴት ልሂድ?"

እውነቱን ነው። በመንደሩ ያለው የአዳኞች ማኅበር አንድ ነው፤ ያለ ማኅበር ከርከሮ ማደን አይፈቀድም። የማኅበሩ አለቃ ሜቶዲ ነው። የራንጌል አሮጌ ላዳ ደግሞ ያን የጫካ ዳገት በክረምት አትወጣውም። ለአደን የተወለደች ውሻ በሰንሰለት ታስራ ብትውል ታብዳለች። ስለዚህ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እያለ በሆዱ፣ ሦስት ክረምት በሙሉ ከሜቶዲ መኪና ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል።

ሜቶዲ ከዳቦ ቤቱ በኩል መጣ፤ ወፍራም፣ ቀይ ፊት፣ አዲስ ጃኬት። ከጎኑ ከከተማ የመጣ እንግዳ አለ። ዶክተር ያቮር ይባላል፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ጠመንጃውን እንደ ዣንጥላ የያዘ።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ሜቶዲ፣ ሣጥኑን በጓንቱ መታ መታ እያደረገ። "ቪላ ነው? ዶክተር፣ ይዩልኝማ፣ የእኛ ራንጌል ለውሻው ቪላ ሠርቷል። እሱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ጣራው ያፈሳል።"

"ለብርዱ ነው፣ ጋሽ ሜቶዲ።"

"ውሻ ፀጉር የተሰጣት ለምን ይመስልሃል?"

"ስትረጥብ ፀጉሩ አይሠራም።"

"እንዳትረጥብ ንገራታ።"

ዶክተሩ በትሕትና ፈገግ አለ። ራንጌል ቀበቶውን አንድ ጥርስ ጨመረለትና ሙራን አስገባት። እሱም ከኋላ፣ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። ጋቢና አይገባም። ከዚያ ቀን ወዲህ ገብቶ አያውቅም።

ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ነበር። ሜቶዲ "ቶሎ በል፣ ሊጨልም ነው" ብሎ ሲጮህበት፣ ሊሳን ባገኘው ገመድ ከመኪናው ጀርባ ላይ አሰራት። ገመዱን አላሳጠረውም፤ መቆምም መተኛትም እንድትችል አዝኖላት ረጅም ለቀቀላት። ከዚያ ከፊት ገብቶ በሞቀ መቀመጫ ላይ የሜቶዲን ቀልድ እየሰማ ሳቀ። ከጸሎት ቤቱ ኩርባ ላይ ሊሳ አንድ ነገር አይታ ዘለለች፤ ጥንቸል ይሁን የመንደር ውሻ፣ ማን ያውቃል። ገመዱ ከመኪናው ጎን ለመውረድ ይበቃ ነበር፤ መሬት ለመድረስ ግን አልበቃም። ያወቁት አደባባዩ ላይ ሲቆሙ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሬሳዋ ገና ከውጭ ሳለ፣ ሜቶዲ ያን ቀልዱን ተናገረ።

የዛሬው አደን የዓመቱ የመጨረሻ ነው። ሙራ ከርከሮውን ያገኘችው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከወንዙ በላይ ካለው ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ውስጥ ነው። ድምጿ እንደ ደወል ሸለቆውን ሞላው። ራንጌል ከኋላዋ በደረቱ በረዶውን እየቀደደ ሮጠ። ከርከሮው ትልቅ ነው፤ ወንዙን ሲሻገር ግግር በረዶው ከሥሩ ተሰበረ። ሙራ ደርሳ፣ ቀዳዳውን አይታ፣ አንዴ ብቻ ቆም አለችና ገባች። በዚያኛው ዳር ስትወጣ ከላይዋ እንፋሎት ይነሳል። እንደዚያ ሆና ሌላ አንድ ሰዓት ሙሉ አሳደደችው፣ ተኳሾቹ እስካደፈጡበት ድረስ። ሁለት ጥይት ተሰማ። ዶክተሩ ነው የጣለው።

ራንጌል ሲያገኛት በረዶው ላይ ተቀምጣ የፊት እግሯን ትልሳለች። ግግሩ መዳፏን እስከ ሥጋው ቀድዶታል። የሆዷ ፀጉር ወደ ትናንሽ በረዶዎች ተለውጦ ስትንቀሳቀስ ይንኳኳል። መንቀጥቀጧ የጥርሷን ድምፅ ያሰማል። መሐረቡን ቀድዶ እግሯን ጠቀለለላት፤ ካፖርቱ ውስጥ ከተታትና ወደ መኪናዎቹ መንገድ ጀመረ።

"ደረስን፣ እናቴ" እያለ ነው የሚሄደው። "ቤትሽ ቅርብ ነው። ጭድሽ አለ።"

መኪናዎቹ የቆሙበት ሜዳ ላይ እሳት ተያይዟል። ሰዎቹ ከበው ይጠጣሉ፤ ከርከሮው ቀድሞ ተገፍፎ፣ ሥጋው በሸራ ላይ እየተቆራረጠ ነው። ራንጌል መጀመሪያ ያየው የሜቶዲን ፒካፕ ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ሣጥኑን ለማግኘት ዓይኑን ትንሽ ማንከራተት ነበረበት። ከእሳቱ አጠገብ፣ በረዶ ላይ፣ ተገልብጦ ተቀምጧል። በላዩ ላይ ሁለት ጠርሙስ አረቄ፣ ዳቦ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ጮማ ተደርድሯል። ዶክተሩ ክርኑን አስደግፎበታል። ከእሳቱ ዙሪያ ያልተቃጠሉ ጥቂት የጭድ ሰበዞች ተበትነዋል።

"መጣች ጀግናችን" አለ ሜቶዲ። "ና ጠጣ። ጠረጴዛህ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው።"

"ጭዱ የታለ?"

"እንጨቱ እርጥብ ነበር። በምን እናያይዘው፣ በምራቅ?"

"ውሻዋ ወንዝ ገብታለች፣ ጋሽ ሜቶዲ። እግሯም ተቆርጧል። አሁን ሣጥኑ ካልተመለሰ እስከ ታች አትደርስም።"

"ከርከሮውንስ የት ላድርገው? ሌሎቹ መኪኖች በሰው ሞልተዋል። መቶ ስልሳ ኪሎ ነው። ቆዳውና ራሱ ለዶክተር ይሄዳል፣ ሥጋው አለ። ሣጥንህን ሌላ ቀን መጥተህ ትወስደዋለህ።"

"እንግዲያው ጋቢና ትግባ።"

"ዶክተሩን ከኋላ ልጫነው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ዶክተሩ ግን ክርኑን ከሣጥኑ ላይ አነሳ። "ለእኔ ችግር የለውም" አለ። "እግሬ ሥር ትቀመጥ። ውሻዋ እኮ ናት ያመጣችልኝ።"

"እርስዎ እንግዳ ነዎት" አለ ሜቶዲ። "መቀመጫዬን የውሻ ውኃ አላጠጣም።" ወደ መኪናው ሄዶ ከመቀመጫው ሥር የተጠቀለለ ገመድ አወጣና ለራንጌል ወረወረለት። ገመዱ ከደረቱ ነጥሮ እግሩ ሥር ወደቀ። "ከሥጋው አጠገብ እሰራት። ሥጋው ገና ትኩስ ነው፣ ያሞቃታል። ብቻ እንደ እናቷ እንዳታደርገን፣ ዛሬ ሐኪም አብሮን አለ፣ ያፍርብናል።"

ራንጌል ገመዱን አየው። ሰማያዊ ናይሎን ነው፤ ጫፉ በእሳት ተጠብሶ የተቋጠረ። ጫፉን የጠበሰው እሱ ራሱ ነው፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እንዳይተረተር። ሜቶዲ አልጣለውም ነበር። ምናልባትም ያው ገመድ መሆኑን አያውቅም፤ ለሜቶዲ ገመድ ገመድ ነው። ይሄኛው ከስድቡ ይልቅ አንጀቱን አቆሰለው።

ለሦስት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ማታ ማታ አልጋው ላይ እያስተካከለው፣ መሰንጠቂያው ሲጮህ ጮክ ብሎ እየተለማመደው፣ ቃል በቃል ያውቀዋል። አሁን ምላሱ ላይ መጣ። ሙራ ካፖርቱ ውስጥ ተንቀጠቀጠች፤ ከሆዷ የቀለጠው ውኃ በሹራቡ ወደ ቀበቶው ወረደ።

"ድርሻ እንጀምር" አለ ሜቶዲ። "ሊመሽ ነው።"

የሥጋው ድርሻ በዚህ አገር በዓይን አይመረጥም። ሥጋው እኩል እኩል ይደለደላል፤ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ሌላው ቢላዋውን አንዱ መደብ ላይ አድርጎ "ይሄ የማነው?" ይላል። ሽማግሌው ሳያይ ስም ይጠራል፤ የተጠራው "የኔ ነው" ብሎ ያነሳል። ከርከሮውን ያወጣች ውሻም እንደ ሰው አንድ መደብ አላት፤ በስሟ ይጠራላታል፤ ባለቤቷ ይመልስላታል። ከአያቶቻቸው ጀምሮ እንዲህ ነው።

ዛፕሪያን እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠ። ከዚያ ሳይዞር፣ "ስንት መደብ ነው?" አለ።

"አሥራ አንድ" አለ ሜቶዲ።

"እኛ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። የውሻይቱስ?"

"በሕይወት ቤቷ ስትደርስ እንሰጣታለን። ባለፈው የእናቷን ሰጥተን፣ ማን በላው?"

ማንም አልሳቀም። እሳቱ ተንጣጣ።

ራንጌል ወደ ሣጥኑ ሄደ። ሁለቱን ጠርሙሶች አንስቶ በረዶው ላይ ተከላቸው። ዳቦውን አንስቶ ለዶክተሩ አስያዘው። ጮማውን ከነወረቀቱ፣ ሽንኩርቱን ከነቢላዋው፣ አንድም ሳይደፋ መሬት አስቀመጠ። ሣጥኑን ገለበጠው። ካፖርቱን አወለቀና የበግ ሱፍ ገበሩን ወደ ላይ አድርጎ ከውስጥ አነጠፈው፤ ሙራን አስገብቶ እጅጌዎቹን በላይዋ አጠፈላት፤ የሸራውን መጋረጃ አወረደ። ከዚያ መኪናው ጀርባ ላይ የቀሩትን ሁለት ቀበቶዎች አምጥቶ ከሣጥኑ ፊት አሰራቸውና በትከሻው ላይ አሻገራቸው። ሰማያዊውን ገመድ ከወደቀበት አላነሳውም።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ ሜቶዲ።

ራንጌል ጎተተ። ሣጥኑ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ተላቀቀና ተንሸራተተ።

"አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፣ አንተ ሞኝ። በሹራብ ትሞታለህ።"

መንገዱ ከሜዳው ጀምሮ ወደ ታች ነው። ጎማዎች የጠቀጠቁት በረዶ ለሣጥኑ ተመቸው።

"አሁን ከሄድክ በሚመጣው ዓመት ስምህን ከመዝገቡ አታገኘውም፤ ሰማኸኝ? ራንጌል።"

ሰምቷል። መልሱ አሁንም ምላሱ ላይ ነበር፤ እንደ ፍሬ ዘር ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። ብርዱ በሹራቡ ቀዳዳዎች ሁሉ ገባ። ከኋላው ቢላዋ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሰማ።

"ይሄ የማነው?"

"የሜቶዲ።"

"የኔ ነው።"

"ይሄ የማነው?"

"የዶክተሩ።"

"የ... የኔ ነው።"

"ይሄስ የማነው?"

  ዛፕሪያን ጥርስ የሌለው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ጫካው እንደሚጮህ ሰው፣ "የሙራ" አለ።

"ሙራ የምትባል የለችም አልኩ" አለ ሜቶዲ።

"የሙራ ነው ብያለሁ። ከጎደለ የኔን ዝለሉት።"

ስሟን ስትሰማ ሙራ ከሣጥኑ ውስጥ ተነሳች፤ ክብደቷ ሲንቀሳቀስ በቀበቶዎቹ በኩል ትከሻው ላይ ተሰማው። ራንጌል ዛፕሪያን ያን ቀን እንዴት እንደሳቀ አስታወሰ፤ የወለቁትን ጥርሶች፣ የተዘጋውን ዓይን። ሁለተኛው ነበር፣ ከጫኚው ቀጥሎ።

"የሙራ" አለ ሽማግሌው እንደገና። "ራንጌል፣ የኔ ነው በል እንጂ።"

ሁሉም አንዲት ቃል ይጠብቃሉ። ራንጌል ቀበቶዎቹን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረና የመንገዱን ኩርባ ታጠፈ።