ሴናተሩ አሜን ያሉበት ቀን

ሴናተር ዳግላስ ፕሩት ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በቃኝ ሊሉ ነው። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸውና የላስ ቬጋስ ቢሯቸውን የምትመራው ሀሌታ ብቻ ናቸው። "በእኔ ቦታ ተወዳደሪ" ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀዋታል፤ ሦስቴም "እስቲ ላስብበት" ብላ አምልጣለች። ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። የሾፌሮች ማኅበር መሪ ሆኑ፤ ከዚያ ለሴኔት ተወዳደሩ። ያኔ እዚሁ ዋተር ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው የሐበሾች አዳራሽ መጥተው አንድ ሙሉ ቃሪያ ከነፍሬው ዋጡ። እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ "በጣም ጥሩ ነው" አሉ፤ ሐበሻው በሙሉ ያን ቀን የእሳቸው ሆነ። አማርኛ ባይገባቸውም ሀሌታ ኋላ ያስተማረቻቸው አንድ ነገር ነው፦ ሽማግሌ ሲመርቅ እጅ ዘርግቶ አሜን ማለት።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ሴናተሩ በዚያው አዳራሽ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ የሀሌታ አባት፣ ጡረተኛው የካዚኖ ካርታ አዳይ አቶ ወልደማርያም፣ "መጀመሪያ ምርቃት" ብለው ተነሡ።

"ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ።"

"አሜን።"

"ከወንበርዎ የሚነቀንቅዎ አይምጣ።"

"አሜን" አሉ ሴናተሩ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ።

"ገና ሃያ አራት ዓመት ይጨምርልዎ።"

"አሜን።"

ሀሌታ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በጆሯቸው ተረጎመችላቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ባለቤቴ ትገድለኛለች። ካንስል ማድረግ አይቻልም?"

ሌላ መውጫ ስላጡ ጡረታ መውጣታቸውን ለአዳራሹ ተናገሩ። አቶ ወልደማርያም ኮስተር አሉ።

"ምርቃት አይመለስም። ወንበሩን ለሚወስድ ሰው ማስተላለፍ ግን ይቻላል። ሰው አለዎት?"

ሴናተሩ ቀስ ብለው ወደ ሀሌታ ዞሩ። አዳራሹም አብሮ ዞረ።

"አንቺ ነሽ?" አሉ አባቷ። "ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ፈርቼ ነው፣ አባዬ። ብሸነፍስ?"

"ቃሪያ ትበያለሽ?"

"እበላለሁ።"

"በቃ፣ እጅሽን ዘርጊ።"

ከሀ ጀምረው እንደ አዲስ መረቋት፤ ሃያ አራቱን ዓመት እንኳ አልቀነሱላትም። ሴናተሩ አሜን ለማለት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ መጀመሪያ እሷ ትበል ብለው ጠበቁ።

ሀሌታ አሜን አለች።