ሁለት ደብዳቤ ለአንዲት ሴት

ቺሉፍያ አምስት ዓመት ሙሉ ቤቷ እየሄደ ንሺማዋን፣ የበቆሎ ገንፎዋን፣ የበላባትን ሴት ስም አያውቅም። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ።

ኪትዌ ከተማ ውስጥ ለማዕድን ቆፋሪዎች የውሃ ፓምፕ በሚሸጥ ድርጅት የደንበኞችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ዘንድሮ አለቃችን ሚስተር ሙሌንጋ፣ «ከእንግዲህ ላገኘነው ሰው ሁሉ እየደወልን አንለማመጥም። ሃያ ትልልቅ ድርጅቶች መርጠናል፤ በየድርጅቱ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በአንድ አፍ እናናግራለን» አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ከሚሠራበት ድርጅት ጋር ማያያዝ የኔ ሥራ ሆነ። አራት ወር ፈጀብኝ።

ሻጩ ቺሉፍያ ግን የእሱን ሰዎች ካያያዝኳቸው ድርጅት መልሶ ይፈታቸዋል። «የኔ ሰው» ይላል። ከድርጅታቸው ጋር ከታሰሩ ሌላ ሻጭ ያያቸዋል፣ ይነጥቀኛል ብሎ ነው።

«ተው ቺሉፍያ፣ አንድ ቀን መዘዝ ያመጣል» ስለው፣

«አንቺ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጃንጥላ ትዘረጊያለሽ» ብሎ ይስቃል።

እውነቱን ነው፤ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው ነው የሚታየኝ። ከዚህ ሥራ ብባረር ልጄ ካሶንዴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አይጨርስም። ስለዚህ እሱ የፈታውን ሁሉ በየቀኑ እያተምኩ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጥ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የካፉቱ ቁፋሮ ድርጅት የግዢ ኃላፊ በሩን በርግዳ ገባች። ሁለት ደብዳቤ ይዛለች። አንዱ «ለወይዘሮ ላቭነስ ሲንካላ» ይላል፤ ለድርጅቷ ሠላሳ ትልልቅ ፓምፕ በልዩ ዋጋ። ሌላው «ለባና ሙታሌ»፣ ለሙታሌ እናት ማለት ነው፣ እኛ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ለጓሮ አትክልት የሚሆን አንድ ትንሽ ፓምፕ። ሁለቱም እሷው ናት።

«የቱን ልመን?» አለች። «ፓምፑ ለማዕድን ጉድጓዱ ነው ለጎመኔ?»

ሚስተር ሙሌንጋ ወደኔ ዞረ። «ባና ካሶንዴ፣ መዝገቡን የምትይዢው አንቺ አይደለሽም? ይሄ ምን ጉድ ነው?»

ያ ሁሉ ሰው ባለበት! ቺሉፍያ ጥፍሩን ያያል። ልጄ ከነዩኒፎርሙ ፊቴ ድቅን አለ።

መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጣልኳቸው። «ባና ሙታሌን ከካፉቱ ጋር ያሰርኳት ከሦስት ወር በፊት ነው። በማግስቱ ቺሉፍያ ፈታት፤ መዝገቡም ሌላ ሴት አድርጎ ቆጠራት። አሰርኩ፤ ፈታ። የማን ስም እንደታተመ ተመልከት።»

«ታዲያ ወይዘሮ ሲንካላ እሳቸው መሆናቸውን በምን ልወቅ?» ጮኸ ቺሉፍያ። «እኚህን የመሰሉ እናት ‹ስምዎ ማን ነው› ብዬ ልጠይቅ? ነውር አይደለም?»

«ነውርማ ነው» አለች ሴትየዋ። «ካላወቅክ ግን ይህች አውቃ ያሰረችውን ምን አስፈታህ? አምስት ዓመት ንሺማዬን ስትውጥ ጎመን ነጋዴ መስዬህ ነበር?» ከዚያ በጣቷ ወደኔ ጠቆመች። «አንድ ደብዳቤ ይላክልኝ። እሷ ትጻፈው።»

ሚስተር ሙሌንጋ እስከ መኪናዋ ሸኝቶ ይቅርታ ጠየቃት። እኔን ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ቺሉፍያ ግን የፈታቸውን መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አጠገቤ ተቀምጦ መልሶ እንዲያስር ታዘዘ።

«ቀጥሎ ማን ነው?» ይለኛል እየተነጫነጨ።

እነግረዋለሁ። ያሰረውንም እያተምኩ መሳቢያዬ ውስጥ እከታለሁ። መሳቢያዬ አሁን ቁልፍ አለው።